የስፖንጁ ጀርባ

በወርክሾፑ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። አሥራ አንድ ሰው አዲስ ጀልባ ፊት ተደርድሮ ይስቃል። በስተቀኝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ክርን ይታያል፤ የሰው ክርን፣ ብቻውን። ያ ክርን የኔ ነው። ፎቶ አንሺው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ሁሉም ተጠጋግቶ ሞላ፤ ለኔ ፈቀቅ ያለልኝ ሰው የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ግድግዳው ላይ የተረፈኝ ክርኔ ነው። መሃል ላይ ደረቱን ነፍቶ የቆመው ደግሞ ያኔ ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው ፎርማናችን ነው።

ይህን ያነሣሁት ለወቀሳ አይደለም። ወቀሳማ ቢሆን መቼ ያልቅ ነበር! ስለ እሳቱ ላወራችሁ ስለሆነ፣ ሰውዬውን በምን ዓይን አየው እንደነበር እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ሥራዬ ስፖንጅ ማልበስ ነው። የትንሽ ጀልባ ሞተር ሣጥን ውስጥ ታፍኖ ነው የሚሠራው፤ ሣጥኑ ባዶውን ከተተወ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፣ ተሳፋሪ ከተሳፋሪ አይደማመጥም። ስለዚህ የሣጥኑን ግድግዳና ክዳን ከውስጥ በኩል ሁለት ጣት በሚሆን ስፖንጅ እለብጠዋለሁ። ችግሩ፣ ስፖንጅና እሳት የቆዩ ወዳጆች ናቸው። የፍራሽ ስፖንጅ አንዴ ከተያያዘ ዙሪያህን ውሃ ቢከብህም አያድንህም፤ ገና ነበልባሉ ሳይደርስ ጭሱ ይገድልሃል። ለዚህ ነው ለሞተር የሚሆነው ስፖንጅ እሳት እንዳይበላው መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወደ ሞተሩ የሚዞረው ፊቱ ላይ አልሙኒየም ለብሶ የሚመጣው።

እኔ ግን በፋብሪካ ወሬ አላምንም። አዲስ ጥቅል በመጣ ቁጥር፣ ከዚያም ለየጀልባው ስቆርጥ፣ መዳፌን የሚያህል ቁራጭ ወስጄ፣ በፒንሳ ይዤ ክብሪት እጭርበታለሁ። ከነደደ ጥቅሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጠቁሮ ብቻ ከጠፋ የሚገባበትን ጀልባ ቁጥር በእስክሪብቶ ጽፌበት፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ያለው ረጅም ሚስማር ላይ እሰካዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሴ ያወጣሁት ዘዴ ነው። በዚህ የተነሣ «ክብሪት» የሚል ስም ወጣልኝ። በተለይ የወርክሾፑ ብረት በያጅ «ክብሪት፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታነድ ነው?» ሳይለኝ አይውልም።

የድሮው ፎርማን ጡረታ ሲወጣ «ወንበሩ ያንተ ነው» ያላለኝ አልነበረም። የወርክሾፑ ባለቤትም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እስቲ እናያለን» አሉኝ። ያየነው ታዲያ ሰርተፊኬቱን መስታወት ውስጥ አስገብቶ በብብቱ ሸጉጦ የመጣ፣ የልጄ እኩያ የሆነ ጎረምሳ ነው። እኔም አልተኛሁም፤ «ሰርተፊኬት» ብዬ ስም አወጣሁለት። እሱ በበኩሉ «አባት» ነው የሚለኝ። «አባት፣ እንዴት አደሩ?» ሲለኝ በአንድ ጠዋት አሥር ዓመት ይጨምርብኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከአምስት ወር በፊት አንድ የስፖንጅ ጥቅል ከሰማያዊ ቆርቆሮ ሙጫና ብር ከሚመስል ፕላስተር ጋር መጣ። እንደ ልማዴ ቁራጩን ቆርጬ ክብሪት ጫርኩበት። አልነደደም። ሰዉ ከብቦ ያያል፤ እኔም ትንሽ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር፣ አልዋሽም። ሰርተፊኬት ራሱን ነቀነቀና፣

«ጥሩ ነው አባት» አለ። «ግን ሙጫ ቀብተውበት ሞክረው ያውቃሉ?»

«ምን አልክ?»

«ማለቴ፣ ጀልባው ውስጥ ስፖንጁ ብቻውን አይደለም። ከጀርባው ሙጫ አለ። እርስዎ የሚቀቡት ማስቲሽ ደግሞ…»

በያጁ አላስጨረሰውም። «ክብሪት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፈተንከው ግማሹን ነው እያለህ እኮ ነው!»

ሳቁ! እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጋሼም ቢሮው በር ላይ ቆመው ፈገግ አሉ።

«ስማ ልጄ» አልኩት፣ «አንተ ጡት ሳትጥል እኔ ማስቲሽ እቀባ ነበር።»

አልተቆጣም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ሰውዬው አይቆጣም። ሰማያዊውን ቆርቆሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «ይሄኛው በውሃ የሚቀጥን ነው፣ ደርቆም እሳት አይዝም። ለመድረቅ ግን አንድ ቀን ይፈልጋል። ሲቆርጡ የሚቀረውን ጠርዝ ደግሞ በፕላስተሩ ዙሪያውን ይዝጉት፤ ዘይትና ናፍጣ የሚጠጣው በጠርዙ በኩል ነው» ብሎኝ ሄደ።

ቆርቆሮውን ምን አደረግኩት? መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ከደረቁ ቀለሞች ጀርባ ሰቀልኩት። ፕላስተሩንም ክዳን ሲከፈት ለሚታየው ጠርዝ ብቻ ተጠቀምኩበት፣ ለዓይን ያህል። ከዚያም በማስቲሼ ቀጠልኩ። ማስቲሽ እስከ አሥር ቆጥረህ ስትጫነው ጥርሱን ነክሶ ይይዛል፤ አንድ ቀን ጠብቁኝ አይልም። በዚያ አኳኋን ሦስት ጀልባ አስረከብኩ። አንዱ ልጄና ባሏ ሰው የሚያመላልሱበት፣ ቁጥር 231 ነው። አማቼ ጀልባውን የተረከበ ዕለት ድምፁን ሰምቶ «እንደ ድመት ነው እኮ የሚያንኮራፋው!» ብሎ የማንን እጅ ጨበጠ? የፎርማኑን። እጄ አመድ አፋሽ ነው፤ እሱንም ዋጥኩት።

እሳቱ የመጣው ባለፈው ወር፣ ሰኞ ዕለት ነው። ከእነዚያ ሦስቱ አንዱ፣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ፣ ቁጥር 208፣ በሌላ ጀልባ እየተጎተተ ወደ ወርክሾፑ መጣ። የሞተሩ ሣጥን ጠቁሯል። ዓሣ አጥማጁ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ ባዶ የእሳት ማጥፊያ ታቅፎ ነበር የተቀመጠው። «ክዳኑን ብድግ ሳደርገው ፊቴ ላይ ዘለለ» ነበር የሚለው፣ ደጋግሞ። «እንደ ውሻ ነው የዘለለብኝ።»

ጋሼ ሁላችንንም ሰበሰቡን። «ስፖንጁ አይነድም አላላችሁኝም?» አሉ።

ሄጄ 208 የሚለውን ቁራጭ ከሚስማሩ ነቀልኩ፣ በፒንሳ ያዝኩት፣ ሁሉም ፊት ክብሪት ጫርኩ። ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ጠፋ። ሁለተኛ ጫርኩ። ጠፋ።

«ይኸው ስፖንጁ» አልኩ። «እሳት ከሽቦም ይነሣል። የሽቦውን ሥራ ማን ነው የሚቆጣጠረው?»

የሁሉም ዓይን ወደ ሰርተፊኬት ዞረ። እሱ «ጋሼ፣ በመጀመሪያ ሙጫውን…» ብሎ ሲጀምር ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «ቤትህ ሂድና እስክጠራህ ጠብቅ» አሉት። ሰውዬው ወደ እኔ አየ። እኔ ክብሪቴን አየሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በያጁ ሳይቀር «አንበሳው ክብሪት!» ብሎ ጀርባዬን መታኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የ208ን ሣጥን እንዳጸዳ ታዘዝኩ። ስፓቱላዬን ይዤ ገባሁ። አልሙኒየሙ ፊት ላይ ጥላሸት እንጂ ሌላ ጉዳት አላየሁም፤ በውስጤ «አላልኩም?» አልኩ። ከዚያ ጠርዙን ይዤ ገነጠልኩት። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው ይባላል። ከጀርባው ስፖንጅ የለም። አልቋል። ከፊት ደህና የመሰለው ልብስ ከኋላው ተበልቶ ባዶ ነበር።

ግድግዳውን አየሁት። እኔ ማስቲሽ ስቀባ ብሩሼን ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቴ አሻግራለሁ፣ ከዚያ ዙሪያውን እዞራለሁ። እንዲህ የሚቀባ ሌላ ሰው የለም። ነጩ ግድግዳ ላይ እሳቱ የሄደበት መንገድ በጥቁር ተሥሏል፤ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቴ፣ ከዚያ ዙሪያውን። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነበር። ባልተዘጋው ጠርዝ የገባው ናፍጣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ አጠገብ ግሎ ተያይዟል፤ እሳቱም ማስቲሼን እየተከተለ፣ በአልሙኒየሙ ተሸፍኖ፣ ማንም ሳያየው ሣጥኑን ዞሮታል። ሽቦው ደህና ነበር። ሽፋኑ እንኳን አልቀለጠም።

«የድሮዎቹ ጀልባዎችስ ለምን አልተቃጠሉም?» ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። መልሱንም አውቀው ነበር፤ የዘንድሮ ሞተሮች ትልልቅ ናቸው፣ ማርሚታቸው ከድሮው እጥፍ ይግላል። እንደዚያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። ከዚያው ጥቅል ቁራጭ ቆረጥኩ፣ ጀርባውን ማስቲሽ ቀባሁ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩ፣ ጠርዙን ናፍጣ አስነካሁ። ሰው አለመኖሩን አይቼ ክብሪት ጫርኩ።

ከጀርባው ያዘ። እንደ ችቦ። ከፒንሳው ላይ እየነደደ ጠብ ጠብ ይል ጀመር፤ ወለሉ ላይ ስረግጠው ጫማዬ ሥር ተጣብቆ ነደደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈተንኩት ግማሹን ነበር።

ያኔ 231 ትዝ አለኝ። ሰዓቴን አየሁ። አራት ተኩል። የአራት ሰዓቱን ሰው አሳፍረው ወጥተዋል። ልጄ ጋ ደወልኩ።

«ሃሎ አባዬ!» ከኋላዋ ሞተሩ ይሰማኛል። ለስላሳ ድምፅ፣ እኔ ያለሰለስኩት።

«የት ናችሁ?»

«መሃል ደርሰናል። ምነው?»

«ተመለሱ። ንፋስ ሊነሣ ነው ይላሉ።»

ሳቀች። «የምን ንፋስ? ውሃው እንደ መስታወት ተኝቶ! ማነው ያለህ?»

«አሉ… ሰዎች።»

«አሥራ ሁለት ሰው ይዘን በሰዎች ወሬ ልንመለስ?» ለባሏ ስትነግረው ሰማሁ፤ «አባባ እኛን ናፍቀው ነው በያቸው» ብሎ ሳቀ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትዘጊው። የሚሸት ነገር አለ?»

«ትንሽ» አለች። «የተቃጠለ ጎማ ይመስላል። ከጠዋት ጀምሮ ነው። እሱ ማርሚታው ነው ይላል፤ አሁን ክዳኑን ከፍቶ ሊያየው ነው።»

«እንዳይከፍት! ክዳኑን እንዳይነካ በይው!»

«ለምን? አስፈራኸኝ እኮ። አይነድም አላልክም? ራስህ አይደለህ የለበጥከው?»

ያን ጊዜ አፌ ላይ ስንት ነገር መጣ መሰላችሁ። ሽቦው ነው ልላት ነበር። ፎርማኑ ነው ልላት ነበር፤ ደግሞም ታምነኝ ነበር። ነገር ግን በፎርማኑ ካሳበብኩ አማቼ ሽቦውን ልይ ብሎ ክዳኑን ይከፍተዋል። የዓሣ አጥማጁ ቅንድብ ታየኝ። ልጄ ረጅም ሽፋሽፍት ነው ያላት፤ የእናቷን።

«ልጄ» አልኩ፣ «ስፖንጁ አይነድም። ሙጫው ግን ይነዳል። ሙጫው የኔ ነው። አይሆንም ተብሎ ተነግሮኝ፣ እልህ ይዞኝ የቀባሁት እኔ ነኝ። እሳቱ ከስፖንጁ ጀርባ ይሆናል፣ አይታይም። ከከፈታችሁት አየር ያገኝና ፊታችሁ ላይ ይወጣል።»

ከወዲያ ማዶ የሞተሩ ድምፅ ብቻ። ከዚያ «አጥፋው! ሞተሩን አጥፋው!» ስትል ሰማኋት።

የቀረውን ነገርኳት። ነዳጁን እንዲዘጉ፣ ሰዉን ወደ ፊት እንዲወስዱ፣ ጭስ ከመጣ ደግሞ ማጥፊያውን ክዳኑ ላይ ባለችው ጣት በምታስገባ ቀዳዳ አስገብተው እንዲነፉ። ያችን ቀዳዳ በየክዳኑ እንድበሳ ያዘዘኝ ሰርተፊኬት ነው። «ክዳን መብሳት ምን የሚሉት ጥበብ ነው?» እያልኩ ነበር የበሳኋት። ክዳኑን አትክፈቱ የሚለውንም ያስተማረን እሱ ነው፤ ጆሮዬ ለካ ሳልፈቅድለት ይሰማው ኖሯል።

ወደብ ላይ የቆምኩትን ያህል በዕድሜዬ ቆሜ አላውቅም። ሌላ ጀልባ ጎትቶ አመጣቸው። አሥራ ሁለቱ ሰዎች እያጉረመረሙ ወረዱ፤ አንዲት ሴትዮ «የማይረባ ጀልባ!» ብላ እግሬ ሥር ተፋች። ሣጥኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ ከዚያ አማቼ ከፈተው። ማርሚታው አጠገብ አልሙኒየሙ መዳፍ በሚያህል ቦታ እንደ ቁስል አብጧል። በመቁረጫዬ ቀደድኩት። ከጀርባው ከሰል ነው፣ ያውም ገና የሚፋጅ። ጣቴን አቃጠለኝ፤ ደግ አደረገ።

አማቼ ፊቱን አዞረብኝ። ልጄ ግን የሰኞውን ወሬ እዚያው ወደቡ ላይ ሰምታ ኖሮ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ተነግሮኝ ነበር ያልከው፣ ማን ነው የነገረህ?» አለችኝ።

«ፎርማኑ።»

«ታዲያ እሱ ለምንድን ነው ቤቱ የተቀመጠው?»

የመለሰላት እግሬ ነው፤ ወደ ቤቱ ሄድኩ።

ፎርማኑ የሚኖረው ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በሩ ላይ ሸሚዙን ሲጨምቅ አገኘሁት። ሰርተፊኬቱ ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል፤ ግድግዳው ሌላ ጌጥ የለውም። «ይግቡ አባት» አለኝ። አልገባሁም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ የ208ን ግድግዳ፣ ሰማያዊውን ቆርቆሮ የደበቅኩበትን፣ የልጄን ጀልባ። ስጨርስ ስድቡን ጠበቅኩ። ተዘጋጅቼለት ነበር፤ ቢሰድበኝ የምመልሰውን እንኳ በመንገዴ አስቤ ነበር።

«ሰው ተጎዳ?» አለ።

«አልተጎዳም።»

«በማስቲሽ የተሠሩት ጀልባዎች ስንት ናቸው?»

«ሁሉም» አልኩ። «ከመጣሁ ጀምሮ ያሉት ሁሉም።»

«ጋሼ ዘንድ ዝርዝር የለም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «የድሮውን መዝገብ አንድ ክረምት ጎርፍ ገብቶ ወስዶታል።» ድንገት ቀና ብሎ አየኝ። «ሚስማሩ!» አለ። «አባት፣ የእርስዎ ሚስማር አለ እኮ!» እርጥቡን ሸሚዝ እዚያው ለበሰው።

ለጋሼ ሁሉም ባሉበት ተናገርኩ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ክብሪት ዛሬ ራሱን አነደደ» አለ፤ ማንም ግን አልሳቀለትም፣ እሱም ወዲያው አቀረቀረ። ጋሼ «ወንበሩን ብሰጥህ ኖሮ» አሉና ቀሪውን ዋጡት። ቢጨርሱት ይሻል ነበር። ያልተጨረሰ ነገር ነው ሰው ሆድ ውስጥ የሚያድረው።

ቁራጮቹን ከሚስማሩ አውርደን ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። ስልሳ ሦስት ናቸው። ፎርማኑ ቁጥሩን ያነባል፣ የጀልባ ፈቃድ ቢሮው በስልክ የባለቤቱን ስም ይነግረናል፣ እኔ እደውላለሁ። መደወሉን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። «የለበጥኩልህ እኔ ነኝ። ሞተሩን አታስነሣ። ክዳኑን አትክፈት። አዎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።» በሦስት ቀን ሃምሳ ስምንት ጊዜ አልኩት። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ «ክብሪት ነህ እንዴ?» ብሎ ይስቃል። አንዱ ጀልባ ከሰመጠ ዓመት ሆኖታል፤ ባለቤቱ ሲነግረኝ እፎይ አልኩ፣ እንዲህ ያለ እፎይታ ይታያችሁ።

አሁን ከፎርማኑ ጋር ጎን ለጎን ሆነን ከየጀልባው ማስቲሽ እንፍቃለን። ሰማያዊውን ሙጫ ያቀብለኛል፣ እቀባለሁ፣ አንድ ቀን እንጠብቃለን። ስለዚያ ሰኞ አንዴ እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢያነሣው፣ ቢጮህብኝ፣ እኩል በሆንን ነበር። እሱንም ነፈገኝ።

አራት ቁራጭ ቀርቷል። የጥንቶቹ ናቸው፤ ያኔ የምጽፈው በርካሽ እስክሪብቶ ነበርና ጥላሸቱና ፀሐዩ ቁጥሩን በልቶታል። አንዱ ላይ ሰባት ትመስላለች፤ አንድም ልትሆን ትችላለች። እነዚያ ጀልባዎች በመጀመሪያ ሞተራቸው ከሆነ ምንም አይሉም። ባለቤቶቹ ዘመናዊውን ሞተር ገዝተው ከገጠሙባቸው ግን…

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ቁራጮቹን ኪሴ ከትቼ ወደቡ ላይ እቆማለሁ። አንድ ጀልባ ሲያልፍ ድምፁን አዳምጣለሁ። የሚጮኸውን አልፈራውም፤ የሱ ሣጥን ባዶ ነው። ድምፁ ለስለስ ያለ ሲመጣ ግን እጄን እያወዛወዝኩ በዳርቻው እሮጣለሁ።